ስልክ ቁጥር ሲጻፍ፦ ከመደመር ምልክት እስከ ነጥብ ኮም

የሠርግ ጥሪ ካርድ ታችኛው ጥግ ላይ ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ መስመር አትጠፋም፦ «ለበለጠ መረጃ 0911…»። ካርዱ አዲስ አበባ ውስጥ በእጅ ሲታደል ችግር የለም። ዛሬ ግን ካርድ በእጅ ብቻ አይታደልም፤ ፎቶ ይነሣና በቴሌግራም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቴል አቪቭ፣ ጅዳ ይደርሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስት ቁጥሩን እንዳለ ብትደውል አይጠራላትም። «ዜሮዋ ትሆናለች» ብላ እሷን ትታ በቤት ስልኳ ዘጠኝ፣ አንድ፣ አንድ ብትጫን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በአሜሪካ እነዚህ ሦስት አኃዞች የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ናቸው። የቀረውን ሳትጨርስ ምን አደጋ እንደደረሰባት የሚጠይቅ ሠራተኛ መስመሩ ላይ ይጠብቃታል።

የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ ያለበት ካርድም የራሱ ጣጣ አለው። የከተማዋ መለያ 011 ነው፤ ከአሜሪካና ከካናዳ ወደ ውጭ አገር ለመደወል መጀመሪያ የሚመታውም፣ ያለ አንዳች ዝምድና፣ ይኸው 011 ነው። አንድ የዋሽንግተን ነዋሪ የአፍሪካ ኅብረትን ዋና መሥሪያ ቤት ቁጥር 011 551 77 00 ተብሎ አግኝቶ እንዳለ ቢመታው፣ ስልኩ 011ን «ወደ ውጭ አገር» ብሎ ይረዳና ቀጥሎ ያለውን 55 እንደ አገር ኮድ ይወስደዋል። 55 ብራዚል ናት።

ሁለቱንም ስሕተት የምታስቀር አንዲት ምልክት አለች፤ መደመር። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ስለ ስልክ ቁጥርና ስለ ኢሜይል አጻጻፍ ያወጣው ምክረ ሐሳብ ኢ.123 ይባላል፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚዋቀሩ የሚደነግገው ደግሞ ኢ.164 ነው። ሁለተኛው አንድ ዓለም አቀፍ ቁጥር የአገር ኮዱን ጨምሮ ከ15 አኃዝ እንዳይበልጥ ይወስናል። የመጀመሪያው ለጸሐፊው የቀረበ ነው፦ መደመር ይቀመጥ፣ የአገሩ ኮድ ይከተል፣ ከዚያ ቀሪው ቁጥር በክፍት ቦታ እየተከፈለ ይጻፍ።

መደመሯ የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ደዋዩ ካለበት አገር ወደ ውጭ የሚያስወጣው ቁጥር እዚህ ይግባ»። ከኢትዮጵያ፣ ከአብዛኛው አውሮፓ፣ ከሳዑዲና ከኤምሬትስ ሲደወል 00 ነው፤ ከአሜሪካ 011። ሞባይል የያዘ ሰው ይህን ማወቅ እንኳ አያስፈልገውም። የዜሮዋን ቁልፍ ተጭኖ ትንሽ ቢያቆያት መደመር ትመጣለች፤ የቀረውን ኔትወርኩ ይጨርሰዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ዜሮዋን ማውረድ ነው። ከ0911 ፊት ያለችው ዜሮ የቁጥሩ አካል አይደለችም፤ አገር ውስጥ ሲደወል የምትመታ መግቢያ ናት። 251 ሲመጣ እሷ ትወጣለች። ስለዚህ 0911 ●● ●● ●● የነበረው +251 911 ●● ●● ●● ይሆናል፤ 011 551 77 00 ደግሞ +251 11 551 77 00። ከ251 በኋላ 9 አኃዝ ካለ ቁጥሩ ደኅና ነው። 10 ከሆነ ዜሮዋ አልወጣችም፤ 8 ከሆነ አንድ ነገር ጠፍቷል። የታተመ ቁጥር እጁ የገባ ሁሉ ይህን ቆጠራ በጣቱ ሊያደርገው ይችላል።

በዚህ ቦታ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ ተስፋፍቷል፤ ዜሮዋን በቅንፍ ማስቀመጥ። +251 (0) 911… ተብሎ ሲጻፍ ጸሐፊው «አገር ውስጥ ያለ ዜሮን ይምታ፣ ውጭ ያለ ይተዋት» ማለቱ ነው። አንባቢው ግን ይህን ከየት ያውቃል? ቁጥሩን ከስክሪን ገልብጦ የሚደውል ስልክማ ጨርሶ አያውቅም፤ አንዳንዱ ቅንፉን ጥሎ ዜሮዋን ይዞ ይደውላል። ልማዱ ብሪታንያም አለ፤ የለንደን ቁጥር +44 (0)20 እየተባለ ይታተማል። ኢ.123 በዓለም አቀፍ ቁጥር ውስጥ ቅንፍ አያስገባም። ትክክለኛው +44 20 7946 0018 ነው። (ይህ ቁጥር በብሪታንያ ለፊልምና ለድራማ ከተለዩት አንዱ ስለሆነ ደውሎ የሚረበሽ ሰው የለም። አሜሪካም እንዲሁ ከ555-0100 እስከ 555-0199 ያሉትን ለልብ ወለድ ትታለች።)

ቅንፍ ቦታ ያለው በአገር ውስጥ አጻጻፍ ነው፤ አንዳንዴ ሊቀር የሚችለውን ክፍል ያመለክታል። አሜሪካኖች (202) 555-0123 ብለው የጻፉት ድሮ የአካባቢው መለያ በዚያው አካባቢ ሲደወል ይቀር ስለነበር ነው። ለውጭ አንባቢ ይኸው ቁጥር +1 202 555 0123 ይባላል።

ዜሮን የመጣሉ ሕግም ሳይስት አይቀርም። ጣሊያን ለመደበኛ ስልኮቿ ዜሮዋን አትጥልም፤ ሮም 06 ስለሆነች ከውጭ የሚደወለው +39 06 ተብሎ ነው። ሮም ዘመድ ያለው ሰው በኢትዮጵያ ልማድ ዜሮዋን አውጥቶ ደውሎ «ቁጥሩ የለም» ቢባል፣ ጥፋቱ የዘመዱ አይደለም።

ቀጥሎ አከፋፈሉ ይመጣል። እዚህ ላይ ኢ.123 ለየአገሩ ዝርዝር አያወጣም፤ በክፍት ቦታ ይከፈል ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ዳኛው ጆሮ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ስልክ ቁጥር ሲናገር እንዴት ነው የሚለው? «ዜሮ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ…» ብሎ ይጀምርና ቀሪውን ሁለት ሁለት እያደረገ ያወርደዋል፤ ሰሚውም ሁለት ሁለት እያለ ይደግማል። በየታፔላው ግን ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አለ፦ 0911 ●● ●● ●●፣ 0911 ●●● ●●●፣ እና 091 1●● ●●●●። የመጨረሻው አሥራ አንድን ለሁለት ይገምሰዋል። አንባቢው ዓይኑ ያየውን በአፉ ለማለት ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል፤ ማሰብ ሲጀምር ደግሞ ይሳሳታል። ሁለት ሁለቱ የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ዜሮዋ ወጥታ +251 ስትገባም ጥንዶቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም።

ጥንዶቹ ታሪክ አላቸው። የአፍሪካ ኅብረት ስልክ ድሮ 51 77 00 ነበር፤ ስድስት አኃዝ፣ ሦስት ጥንድ። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ የአገሪቱ የቁጥር አሰጣጥ ሲለወጥ የአዲስ አበባ 01 ወደ 011 አደገ፤ በየቁጥሩም ፊት አንድ አኃዝ ተጨመረ። ለኅብረቱ የደረሰው 5 ነው። የዛሬው 551 77 00 ያን አሮጌ ቁጥር ሆዱ ውስጥ ይዞታል። ሞባይሎቹም ከ09 ቀጥሎ ስድስት አኃዝ ብቻ ነበራቸው፤ መኻል ላይ 11 ገባባቸው። «0911 ነው ያለኝ» የሚል ሰው ድምፁ ላይ ትንሽ ኩራት የሚሰማው ከዚህ ነው፤ የጥንት ደንበኛ ነኝ ማለቱ ነው።

በዚያው ለውጥ ሌሎቹ ከተሞችም የዛሬ መለያቸውን ያዙ፤ ድሬዳዋ 025፣ መቀሌ 034፣ ሐዋሳ 046፣ ጅማ 047፣ ባሕር ዳርና ጎንደር 058። ከለውጡ በፊት የተቀረጸ ማኅተም፣ ቲተር ወይም የግድግዳ ጽሑፍ ላይ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ካለ ያ ቁጥር ዛሬ አይሠራም። ደብዳቤው አዲስ ሆኖ ማኅተሙ አሮጌ ከሆነ ደግሞ አንድ ገጽ ላይ ሁለት የተለያዩ ስልኮች ይቀመጣሉ።

ሌላው የቆየ ልማድ 09ን እንደታወቀ ቆጥሮ መተው ነው። ሁሉም ሞባይል በ09 ይጀምር በነበረበት ዘመን «11…» ብሎ መጻፍ ይገባ ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መስከረም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ግን በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ። ስለዚህ የምዝገባ ቅጽ የሚያዘጋጅ ሰው 09ን አስቀድሞ አያትም፤ ድረ ገጽ የሚሠራም በ07 የሚጀምረውን «ትክክል አይደለም» ብሎ የሚመልስ ቅጽ አያቁም።

ሁለት ሦስት ቁጥር ላለው ድርጅት እዝባሯ ትጠቅማለች፤ ያለ ልክ ስትቆጠብ ግን ታደናግራለች። 011 551 77 00/01 ሲባል የለመደ ሰው «ሁለተኛው በ01 ያልቃል» ብሎ ይረዳል፤ ስልኩ ግን ሁሉንም አንድ ላይ አጣብቆ አሥራ ሁለት አኃዝ ሊደውል ይሞክራል። ቦታ ካለ እያንዳንዱ ቁጥር ሙሉውን በየራሱ መስመር ይጻፍ። የውስጥ መስመር ካለም በአኃዝ ብቻ ሳይሆን በቃል ይለይ፦ «የውስጥ መስመር 214»። በሰረዝ ብቻ ከተያያዘ የቁጥሩ ጅራት ይመስላል።

አጫጭር ቁጥሮች ላይ መዘግየት አያሻም። የኢትዮ ቴሌኮም 994፣ የንግድ ባንክ 951 ወይም የፖሊስ 991 እንዳለ ይጻፋል፤ መደመርም 251ም አይገባበትም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቁጥር ከአገር ውጭ እንዳለ አይሠራም፤ ስለዚህ ውጭ ያለ ደንበኛ ያለው ድርጅት ሙሉ ቁጥሩን አብሮ ያውጣ። እንደ *804# ያለው ደግሞ ሲነገር «ኮከብ 804 መሰላል» ስለሚባል ጽሑፉም ያንኑ ቅደም ተከተል ይጠብቅ፤ መኻል ላይ ክፍት ቦታ አይኑር።

ቁጥር ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ሌላ ሌባ ይጠብቀዋል። የዕድር ጸሐፊው ወይም የሰው ኃይል ሠራተኛዋ የአባላትን ስልክ ኤክሴል ላይ ስትመዘግብ 0911 ብላ ጽፋ ወደ ቀጣዩ ሳጥን ስታልፍ ዜሮዋ የለችም። ኤክሴል የሚደመር የሚቀነስ ቁጥር መስሎት ነው፤ ከፊት ያለ ዜሮ ደግሞ ለሒሳብ ምንም ነው። በመደመር ብትጀምርም መደመሯን ይበላታል። መፍትሔው ከመጻፍ በፊት ዓምዱን በሙሉ መርጦ ዓይነቱን ከቁጥር ወደ ጽሑፍ መለወጥ ነው፤ ከተጻፈ በኋላ ቢለወጥ የወደቀችው ዜሮ አትመለስም። የሦስት መቶ አባላት ዝርዝር ዘጠኝ ዘጠኝ አኃዝ ሆኖ ከተገኘ ግን ተስፋ አይቆረጥም፤ የጎደለችው ዜሮ ብቻ ስለሆነች በሁሉም ፊት +251 ማስገባት ይበቃል።

ስልክ ውስጥ ያለው መዝገብም እንደዚሁ በመደመር ቢሞላ ይሻላል። በ09 ብቻ የተመዘገበ ሰው አዲስ አበባ ሲደወልለት ያነሣል። የስልኩ ባለቤት አሜሪካ ሄዶ በዚያ አገር ቁጥር ዋትሳፕ ሲከፍት ግን ያ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ አይታይም፤ መተግበሪያው ቁጥሩን የአሜሪካ አድርጎ ያነበዋል። የዋትሳፕ ሊንክ የሚሠራ ነጋዴ ደግሞ ተቃራኒውን ሕግ ይወቅ፤ እዚያ ውስጥ ቁጥሩ ከ251 ይጀምርና መደመርም፣ ዜሮም፣ ክፍት ቦታም ሳይገባበት ተጣብቆ ይጻፋል። ለሰው ዓይን የሚከፈለው ለማሽን አይከፈልም።

በግእዝ አኃዝ ስልክ ማስጻፍ ያማረው ሰውም ይኖራል። 911ን ፱፻፲፩ ብሎ መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን በግእዝ ቁጥር ዜሮ የለም፤ አጻጻፉም መቶና አሥር እያለ የሚቆጥር እንጂ አኃዝ በአኃዝ የሚደረድር አይደለም። 551 77 00 እዚያ ሲደርስ መጨረሻው ላይ የሚቀመጥ ነገር ይጠፋል።

ወደ ኢሜይል ስንመጣ ጣጣው ከቁጥር ወደ ፊደል ይዞራል። አሜሪካዊው ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. የሰውየውን ስምና የኮምፒውተሩን ስም ለመለየት የመረጣት @ ለማንም አልከበደችም፤ «አት» ብሎ የማይናገራት የለም። አስቸጋሪው ከእሷ በፊት ያለው ስም ነው። ጸሐይ የምትባል ሴት ስሟን በላቲን በብዙ መንገድ ልትጽፈው ትችላለች፤ በ«ጸ» ቦታ ቲ እና ኤስ፣ መጨረሻ ላይ ዋይ ወይም አይ። ቀለሟ የምትባለውም እንዲሁ ናት፤ ኬ ነው ወይስ ኪው? ሥላሴ ያለበት ስም ላይ ኤስ ስንት ናት፣ ኤልስ? አድራሻዋን በቃል የምትነግር ሰው «በስሜ ነው» ብላ ካቆመች መልእክቱ ለሌላ ጸሐይ ይደርሳል። ስለዚህ አድራሻው በጽሑፍ ይላክ፤ በቃል የግድ ከሆነ ፊደል በፊደል ይነገርና ሰሚው መልሶ ይበለው። አዲስ የሚከፍት ሰው ደግሞ ዜሮና «ኦ»፣ አንድና ትንሿ «ኤል» ጎን ለጎን የሚውሉበትን ስም ባይመርጥ ራሱን ያድናል።

ትልቅና ትንሽ ፊደል አያስጨንቅ፤ ከ@ በኋላ ያለው ክፍል ልዩነት የለውም፣ ከፊቷ ያለውንም የተለመዱት አገልግሎቶች አይለዩትም። ጂሜይልማ በስሙ መኻል ያለችን ነጥብ እንኳ አይቆጥርም። በድረ ገጽ አድራሻ ግን ከድረ ገጹ ስም ቀጥሎ ካለችው እዝባር በኋላ ያለው ሊለይ ስለሚችል እንደተሰጠ ይጻፍ።

አንደርስኮር የተባለችው ሰረዝ ጉዳይ ለብቻው ይነገር። አድራሻውን ከሥሩ ማስመር የሚወድ ዲዛይነር ሲገጥማት መስመሩ ውስጥ ሰጥማ ትጠፋለች፤ አንባቢው ክፍት ቦታ ነው ብሎ ያልፋታል። በኢሜይል ውስጥ ክፍት ቦታ ስለሌለ መልእክቱ ይመለሳል። በወረቀት ላይ አድራሻ አይሰመርበት፤ በቃልም «ዳሽ» ከመባል «ከታች ያለችው ሰረዝ» ቢባል ግልጽ ነው። ረጅም አድራሻ መስመር ካልበቃው ከ@ ወይም ከነጥብ ፊት ይሰበር፤ መሰበሩን ለማሳየት ተብሎ ሰረዝ አይጨመር፤ የተጨመረው ሰረዝ የአድራሻው ክፍል ይመስላልና።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሁለት የራሱ ወጥመዶች አሉ። አንደኛው አራት ነጥብ ነው። ዓረፍተ ነገሩ በአድራሻ ሲያልቅ «።» ከመጨረሻው ፊደል ጋር ከተጣበቀ አንዳንድ መተግበሪያዎች አብረው ወደ ሊንኩ ያስገቡታል፤ ገጹም አይከፈትም። ስለዚህ አድራሻ ለብቻው መስመር ይሰጠው፤ ካልተቻለ ክፍት ቦታ ይቅደም። ሁለተኛው ሁለት ነጥብ ነው። በአማርኛ ኪቦርድ የሚመጣው «፡» እና በድረ ገጽ አድራሻ መጀመሪያ የሚገባው «:» ለዓይን መንታ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፈጽሞ አይተዋወቁም። አድራሻ ሲጻፍ ኪቦርዱ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ይመለስ።

የቴሌግራም መጠሪያም በ@ ስለሚጀምር ከኢሜይል ጋር የሚያምታታው ሰው አለ፤ ፊት ለፊቱ «ቴሌግራም» የሚል ቃል ይቅደም። «በፌስቡክ ፈልጉን» የሚለው ግን አድራሻ አይደለም፤ ያንኑ ስም የያዙ ስንት ገጾች ይኖራሉና። የገጹ ልዩ መጠሪያ ይጻፍ። ኪውአር ኮድ ሲታተምም ከሥሩ አድራሻው በፊደል ይኑር፤ ታፔላው ፀሐይ ሲመታውና ቀለሙ ሲለቅ ካሜራው ያጣውን ዓይን ሊያነበው ይችላል።

የሥራ ሰዓት ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው የአድራሻ ክፍል ነው። «ከ2:30 እስከ 11:30» ለአዲስ አበባ ደንበኛ ቁልጭ ያለ ነው፤ ዱባይ ላለ ሰው ሌሊት ሊመስለው ይችላል። «ከጠዋቱ 2:30» ይባል፤ ካርዱ በእንግሊዝኛም የሚወጣ ከሆነ በዚያኛው ገጽ ሰዓቱ ወደ 8:30 ይለወጥ እንጂ አኃዙ አይገልበጥ። አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ስለምትቀድም፣ እዚያ ያለ ዘመድ የጠዋቱን 2:30 የሚያገኘው ከእኩለ ሌሊት ጥቂት አልፎ ነው።

ሁሉም ከተጻፈ በኋላ የመጨረሻው ናሙና ከማተሚያ ቤት ይመጣል። ባለቤቱ ቁጥሩን በቃሉ ስለሚያውቀው የተሳሳተውንም አርሞ ነው የሚያነበው፤ ስለዚህ ለእሱ አይሰጥ። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ይዞ፣ አኃዙን ከወረቀቱ ላይ ብቻ እያነበበ፣ በሌላ ስልክ ይደውል። ኢሜይሉንም ከወረቀቱ አይቶ በእጁ ይጻፍና አንድ ቃል ይላክበት። ከዚያ ናሙናው ፎቶ ይነሣና ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው አክስት ይሄዳል። ከእሷ ስልክ ላይ አዲስ አበባ ያለው ስልክ ሲጮኽ አታሚው ማሽኑን ያስነሣ።